ኪዮቶን በ4 ቀን ከእናት ጋር፦ ሊስቱን ቀንሺ፣ ሰፈርና ሰዓት ምረጪ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ኅዳር 15 ካለፈ በኋላ ኪዮቶ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ እንቆያለን። 22 ቦታ ሊስት አድርጌያለሁ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾመ ነቢያትም ስለሚገባ ትጾማለች፣ የጣዖት ቤት አልገባም እንዳትለኝም ፈርቻለሁ። ጌሻዎችንም (በዳንስና በሙዚቃ እንግዳ የሚያዝናኑትን ሴቶች) ማየት እንፈልጋለን። እንዴት ላድርገው?»

እህቴ ሊስትሽን በደንብ አየሁት። እኔ እዚህ ጃፓን እንግዳ ማዞር ስራዬ ስለሆነ እንዲህ አይነት ሊስት በብዛት ይደርሰኛል፣ መልሴም ሁሌ ከአንድ ነገር ነው የሚጀምረው፦ ግማሹን ሰርዢው። አብዛኛው ቴምፕል በነሱ 17፡00 ይዘጋል፣ በኛ 11 ሰዓት ማለት ነው፣ ቲኬት መቁረጥ የሚያቆሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዛ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ነው፣ በዛ ላይ በኅዳር መጨረሻ ፀሐይዋ ራሷ ለ11 ሩብ ጉዳይ ላይ ትጠልቃለች። በአንድ ቀን ከሁለት ሰፈር በላይ ካስገባሽ ቀኑ ባስ ውስጥ ቆመሽ ነው የሚያልቀው፣ ለዛውም በኅዳር በሂጋሺያማ (በከተማዋ ምስራቅ ያለው የቴምፕሎች ሰፈር) መንገድ ባሱ ከእግረኛ እኩል ነው የሚሄደው።

የሰዓት ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ለእናትሽ ፕላኑን በኛ አቆጣጠር ጽፈሽ ስጫቸው። በር ላይ 6፡00 የሚለውን አይተው «እስከ 6 ሰዓትማ ቡናዬን ልጠጣ» የሚሉ እናቶች ገጥመውኛል፣ ያ 6፡00 ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። (ከዚህ በታች ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ሰዓቱን ግን በኛ።)

ለምን እዚህ ከተማ ላይ ይሄ ሁሉ ቴምፕል ተጠራቀመ ላልሽው፣ ኪዮቶ ከ794 እስከ 1868 የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች፣ ወደ 1,600 የቡድሃ ቴምፕልና ወደ 400 የሺንቶ ሽራይን አለ ይባላል፣ ስለዚህ «ዋና ዋናውን ጨርሼ» የሚባል ነገር እዚህ አይሰራም። በጦርነቱ ጊዜም አሜሪካኖቹ ለአቶሚክ ቦምብ ካሰቧቸው ከተሞች አንዷ ነበረች፣ ከሊስቱ እንድትወጣ ያደረገው የጦር ሚኒስትራቸው ሄንሪ ስቲምሰን ነው። ከዛ በፊት ግን ብዙ ጊዜ ተቃጥላለች፣ በተለይ ከ1467 እስከ 1477 በነበረው የኦኒን ጦርነት፣ ለዚህ ነው ቴምፕሉ በ700ዎቹ ተመሰረተ እየተባለ የምታዪው እንጨት ግን የ1600ዎቹ የሚሆነው። ጃፓኖቹ ለዚህ ግድ የላቸውም፣ በድሮው ልክ እንደገና ከተሰራ ያው ቤቱ ነው።

ወደ እናትሽ ጥያቄ ልምጣ፣ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ስለሆነ። ሁለት አይነት ቦታ ነው ያለው፣ አንደኛው የቡድሃ ቴምፕል ነው፣ ሐውልት፣ እጣንና መነኮሳት ያለበት፤ ሌላው የሺንቶ ሽራይን ነው፣ ቶሪ የሚባለው በር የሚቆምበት። እስከ 1868 ድረስ ሁለቱ ተቀላቅለው ነው የኖሩት፣ መንግስት ነው በአዋጅ የለያያቸው፣ ስለዚህ ቴምፕል ግቢ ውስጥ ትንሽ ሽራይን ብታገኙ አይግረማችሁ። ማንም ሰው ሃይማኖትሽ ምንድነው ብሎ አይጠይቅም፣ ስገዱ የሚልም የለም፣ በር ላይ የምትከፍሉት 500 የን ምናምን የጉብኝት ቲኬት ነው። ሳንቲም መወርወሩ፣ እጣን መለኮሱ፣ ሽራይን ላይ ሁለቴ ጎንበስ ሁለቴ ማጨብጨብ አንዴ ጎንበስ የሚሉት ነገር የሚጸልዩት ሰዎች ስራ ነው፣ እናንተ ከሳጥኑ ፊት ለፊት ገለል ብላችሁ ብትቆሙ በቂ ነው። መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ነው የሚያስቆጣቸው። እናትሽ ከአዳራሹ ውጪ ሆነው ግቢውን ብቻ ማየት ከፈለጉም ይሄ እኮ ምንም ችግር የለውም፣ ኪዮቶ ላይ ግማሹ ውበት አትክልቱና ግቢው ነው። ልባቸው ካልፈቀደ የነፍስ አባታቸውን ከመምጣታቸው በፊት ይጠይቁ እንጂ እዚህ በር ላይ ቆማችሁ አትከራከሩ፣ እንደዛ ሲሆን አይቻለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ተኮራርፈው ነው የዋሉት።

ጫማ ማውለቁን እሳቸው ለአንቺ ያስተምሩሻል። የሚከብደው ወለሉ ነው፣ በኅዳር የእንጨት ወለል በካልሲ መርገጥ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ስለዚህ ወፍራም ካልሲ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ማሰሪያ ያለው ጫማ አያድርጉ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ጎንበስ ብለው የሚፈቱበት መቀመጫ የለም፣ ጫማውንም በፌስታል ይዘሽ ነው የምትዞሪው። የሚሰጡሽን ስሊፐር ደግሞ ሰሌኑ (ታታሚው) ጋ ስትደርሺ ማውለቅ አለብሽ፣ ታታሚ በካልሲ ብቻ ነው የሚረገጠው።

በቃ አሁን ወደ ቀኖቹ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉውን ለሂጋሺያማና እዛው ላለው የጌሻዎቹ ሰፈር ለጊዮን ስጪው። ኪዮሚዙዴራ የሚባለው ቴምፕል በንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፣ በዛ ሰሞን ግን ገና ጨለማ ነው፣ 12 ተኩል ላይ ታክሲ ይዛችሁ ከሆቴል ውጡ (የታክሲውን በር ሹፌሩ ነው የሚከፍተውም የሚዘጋውም፣ አትጎትቱት)። ታክሲው ካወረዳችሁ በኋላ የምትቀር አቀበት አለች፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ሱቁ ሁሉ ስለተዘጋ የሚገፋችሁ ሰው የለም። በረንዳው 13 ሜትር ከፍታ አለው፣ ከስር ያለው ምሰሶ ሁሉ ያለ ሚስማር እርስ በርሱ ተሰካክቶ ነው የቆመው፣ አሁን ያለው ህንጻ የ1633 ነው። ድሮ ከዛ ላይ ዘሎ የተረፈ ሰው ምኞቱ ይሞላል ይባል ስለነበር በኤዶ ዘመን (ከ1600ዎቹ እስከ 1868) ከ200 በላይ ሰው እንደዘለለ መዝገባቸው ላይ አለ፣ የሚገርመው አብዛኛው ተርፏል። አሁን በህግ ክልክል ነው፣ እናትሽን ግን ከበረንዳው መደገፊያ ትንሽ ራቅ አድርጊያቸው፣ ቁልቁል ሲያዩት ያዞራል።

ከዛ ሁሉም ሰው የሚሄድባት ሳኔንዛካ የምትባል የደረጃ መንገድ አለች። ጉልበት የሚያመው ሰው ከአቀበት ይልቅ ቁልቁለቱን ነው የሚፈራው፣ ደረጃዋ ደግሞ ድንጋይ ናት፣ ዝናብ ከነካት ታንሸራትታለች። የእኔ ምክር ከላይ ሆናችሁ እዩአት፣ ፎቶ ተነሱ፣ ከዛ ደረጃ በሌለው በጎጆዛካ በኩል ወርዳችሁ በታክሲ ወደ ያሳካ ፓጎዳ (ባለ ብዙ ጣሪያ የእንጨት ግንብ) ዙሩ። እዛች ደረጃ ላይ የወደቀ ሰው በ3 ዓመት ውስጥ ይሞታል የሚል አባባልም አላቸው፣ መድኃኒቱ ደግሞ እዛው ስር የሚሸጠው ትንሽ ቅል ነው፣ ነጋዴ እኮ የትም አገር ነጋዴ ነው። ይሄንን ለእናትሽ ከወረዳችሁ በኋላ ንገሪያቸው።

ያሳካ ፓጎዳ 46 ሜትር ነው፣ ከመንገዱ ወደ ላይ ስታዪው ከጀርባው ፎቅ የማይታይሽ በአጋጣሚ እንዳይመስልሽ። ያ ሰፈር ከ1976 ጀምሮ በህግ የተጠበቀ ነው፣ በ2007 ደግሞ ከተማው የመሃል ከተማውን የፎቅ ጣሪያ ከ45 ወደ 31 ሜትር አወረደው፣ ጣሪያ ላይ የሚተከል ማስታወቂያንም በሙሉ ከለከለ። ባለ ቦታዎቹ ብዙ ጮኸዋል፣ ግን ጸንቷል። የጣውላ ቤቶቹን ልብ ብለሽ እያቸው፣ ፊታቸው ጠባብ ነው ወደ ውስጥ ግን ረጅም ናቸው፣ ከፊት ሱቅ ከኋላ መኖሪያ፣ መሃል ላይ ብርሃንና አየር የሚያስገባ ትንሽዬ ግቢ።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ኬኒንጂ ግቡ። በ1202 የተመሰረተ ነው፣ ከከተማዋ የዜን (አንዱ የቡድሂዝም ዘርፍ) ቴምፕሎች አንጋፋው፣ ከጊዮን መሃል ሆኖ ብዙ ቱሪስት ዝም ብሎ ያልፈዋል። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ታታሚው ላይ ወይ በረንዳው ጠርዝ ላይ እግር ዘርግቶ አትክልቱን እያዩ መቀመጥ ይቻላል፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ሁለት ትላልቅ ድራጎኖች አሉ፣ ስእሉ የ2002 ነው፣ አዲስ ነው ግን አስደንጋጭ ነው። እናትሽ የሚያርፉት እዚህ ነው፣ አትቸኩሉ።

ሁለተኛው ቀን ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለው ሽራይን። ቀኑን ሙሉ ሌሊቱንም ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ከ711 ጀምሮ ያለ ቦታ ነው። ከኪዮቶ ጣቢያ በጄአር (የባቡር ድርጅት ነው) ናራ መስመር ሁለተኛዋ ፌርማታ ናት፣ ግን ልብ በይ፣ ሚያኮጂ የሚባለው ፈጣን ባቡር ኢናሪ ላይ አይቆምም፣ ስንት ሰው ጭኖት አልፏል፣ ሎካል የሚለውን ነው የምትይዙት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ሰላም ነው፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ተራራው 233 ሜትር ነው፣ ሙሉውን መዞር ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል፣ አብዛኛው ደረጃ ነው፣ ለእናትሽ በፍጹም። ሁለት ረድፍ ሆነው የተደረደሩት ቀይ በሮች ያሉበት ክፍል ግን ከታች ቅርብ ነው፣ እሱን አልፋችሁ ከላይ ካለችው ትንሽ ሽራይን ተመለሱ። ስትመለሱ ነው ጽሁፉን የምታዩት፣ ስትወጡ ባዶ ሆኖ ያያችሁት ምሰሶ ከጀርባው በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል፣ በአንዱ እግር ላይ የለገሰው ድርጅት ስም፣ በሌላው ላይ የተተከለበት ቀን። ኢናሪ የሩዝና የንግድ አምላክ ነው ብለው ስለሚያምኑ ለጋሾቹ ባለ ሱቆችና ድርጅቶች ናቸው። እንጨት ስለሆነ ከስሩ ይበሰብሳል፣ አንዱ ሲነሳ ቦታው ላይ አዲስ ይተከላል፣ ቀለሙ የነደደውንና የነጣውን ጎን ለጎን ታያላችሁ። ቀበሮዎቹ አምላክ አይደሉም፣ መልእክተኛ ናቸው፣ አንዳንዱ አፉ ውስጥ የያዘው የሩዝ ጎተራ ቁልፍ ነው።

ከዛ በአንድ ፌርማታ ቶፉኩጂ የሚባለው ቴምፕል ነው፣ በዛ ሰሞን ቀይ ቅጠሉ እዛ ነው ያለው፣ ህዝቡም እዛ ነው ያለው፣ በጊዜ ካልደረሳችሁ እለፉት። ከሰዓት ሳንጁሳንገንዶ ግቡ፣ እሱን ከሊስትሽ ላይ ማጣቴ ገርሞኛል። ወደ 120 ሜትር የሚረዝም አንድ የእንጨት አዳራሽ ነው፣ በ1266 የተሰራ፣ ውስጡ 1,001 ሰው የሚያክሉ የካኖን (ቡድሂስቶቹ የርኅራኄ ናት የሚሏት) ሐውልቶች አስር አስር ሆነው ቆመዋል፣ ከነሱ 124ቱ በ1249 ከተነሳው ቃጠሎ የተረፉ ናቸው። ፎቶ ክልክል ነው፣ ለዚህም ነው ኢንስታግራም ላይ የማታዪው። ሜዳ ነው፣ ዝናብ ከመጣም ማምለጫችሁ እሱ ነው። እናትሽ ሐውልት ማየት ካልፈለጉ ግን ይሄኛው ይቅር፣ ሙሉው ሐውልት ነው።

ሦስተኛው ቀን በታክሲ ኪንካኩጂ፣ ወርቃማው ቤት። 3 ሰዓት ሲከፈት በሩ ላይ ሁኑ፣ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ነው፣ በ40 ደቂቃ ያልቃል። የ1397 ነው ቢባልም በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት በ1955 እንደገና የተሰራ ነው። ከዛ ሪዮአንጂ የሚባለው ቴምፕል ቅርብ ነው፣ ነጭ ጠጠር ላይ 15 ድንጋይ፣ ከየትም ሆነሽ ብትቆጥሪ አንዱ ይደበቃል፣ ለኔ ሰው ሲበዛበት ምንም አይሰጥም፣ ሰው ከሌለ ግን ቁጭ በሉ። ከሰዓት ጉልበት ከተረፋችሁ ኒጆ ቤተ መንግስት። ጊንካኩጂ፣ የፈላስፋው መንገድ፣ ሄይያን ሽራይን፣ ኡጂ፣ እነዚህን ሰርዢያቸው፣ ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ።

ቅዳሜን ለአራሺያማ አስቀመጥኩት፣ ምክንያቱ ደግሞ ምግብ ነው። ኪዮቶ ቀይ ቅጠሉ የሚደምቅበት ሰሞን ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል፣ የቼሪ አበባው ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር፣ ስለዚህ ባማረው ወቅት የሚመጡ እናቶቻችን ጾመኛ ሆነው ነው የሚመጡት። ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ እዚህ ሞልቷል ብለሽ እንዳትታለዪ፣ ችግሩ ዳሺ የሚባለው መረቅ ነው፣ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚሰራው፣ ሚሶ ሾርባው ውስጥ፣ ኑድሉ ውስጥ፣ የተቀቀለ አትክልቱ ውስጥ ሁሉ አለ። «አትክልት ብቻ» ብትዪ አስተናጋጁ በቅንነት አዎ ይልሻል፣ ለሱ ዳሺ ዓሣ አይደለም፣ እንደ ጨው ነው የሚያየው። ስለዚህ «ካትሱኦ ዳሺ አለው ወይ» ብለሽ በስሙ ጠይቂ፣ ኮምቡ ዳሺ ከሆነ የባህር ተክል ስለሆነ ይበላል። ዩዶፉ የሚባለው በድስት የሚመጣ ቶፉ ናንዘንጂ በሚባለው ቴምፕል አካባቢ ታዋቂ ነው፣ እዛም ድስቱ ውስጥ ኮምቡ ብቻ ሆኖ ማጥቀሻው ላይ ዓሣ ሊኖር ይችላል።

እውነተኛው መፍትሄ የመነኮሳቱ ምግብ ነው፣ ሾጂን ሪዮሪ ይባላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም። አራሺያማ፣ ቴንሪዩጂ የሚባለው ቴምፕል ግቢ ውስጥ ሺጌትሱ የሚባል ቤት ያቀርባል፣ ቀድመሽ መያዝ አለብሽ። እዚህ ጋ ነው የቅዳሜው ነገር፦ እንዲህ አይነት ቤቶች ምሳ የሚሰጡት እስከ 8 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዛ ይዘጋሉ፣ ማታ የሚከፍቱትም 11 ሰዓት አካባቢ ነው፣ እናትሽ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በስራ ቀን በሁለቱ መሃል ነው የሚወድቁት። ቅዳሜ ደግሞ እህል ውሃ የሚከለከልበት ሰዓት ስለሌለ ምሳውን በሰዓቱ መብላት ይችላሉ። በሌሎቹ ቀናት 9 ሰዓት ላይ የሚቀመስ ነገር ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ ፍራፍሬ፣ ወይ ያትሱሃሺ፣ ከሩዝ ዱቄት ከስኳርና ከቀረፋ የሚሰራ የኪዮቶ ጣፋጭ ነው፣ ቀረፋው ሲሸታቸው ይወዱታል። ከኮንቢኒ (24 ሰዓት ከሚከፈተው ትንሽ ሱቅ) የሩዝ ኳስ ስትገዢ መለያውን በስልክሽ ካሜራ አስተርጉሚው፣ ፕለም ብቻ የሚመስለውም አንዳንዴ የዓሣ ጣእም ይጨመርበታል።

አራሺያማ ራሱ በጊዜ ነው፣ በጄአር ሳጋኖ መስመር 15 ደቂቃ ገደማ፣ የቀርከሃው መንገድ ክፍያም በርም የለውም፣ 1 ሰዓት ላይ ግቡ፣ ቴንሪዩጂ 2 ሰዓት ተኩል ሲከፈት አትክልቱን አይታችሁ ምሳ። ህንጻዎቹ ስንቴ ተቃጥለው ተሰርተዋል፣ ኩሬው ግን ከ1300ዎቹ ጀምሮ እዛው ነው።

ጌሻን በተመለከተ፣ ቀን ቀን በኪሞኖ የምታያቸው አብዛኞቹ ተከራይተው የለበሱ ቱሪስቶች ናቸው (አንቺም መከራየት ትችያለሽ፣ ማንም አይቀየምም፣ ነጠላ ጫማው ግን ለእናትሽ ጉልበት አይሆንም)። እውነተኞቹ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ስራ ሲሮጡ ነው የሚታዩት፣ ስራ የቸኮለባቸው ሰዎች ናቸው፣ መንገድ መዝጋት፣ ልብስ መጎተት፣ እየተከተሉ መቅረጽ ስለበዛባቸው ሰፈሩ መሮታል። የግል የሆኑት ጠባብ መንገዶች ላይ ከ2019 ጀምሮ ፎቶ ተከልክሏል፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ቱሪስት እንዳይገባ ተብሎ ታግዷል፣ 10,000 የን ቅጣት የሚል ጽሁፍ አለ። ሃናሚኮጂ የምትባለዋ ዋና መንገድ ግን የህዝብ ናት፣ ዳር ይዛችሁ ሂዱ። ዳንሱን ቁጭ ብሎ ለማየት ጊዮን ኮርነር የሚባለው ትርኢት ቤት ቲኬት ያዢ፣ ለእናትሽም የሚሻለው እሱ ነው።

ሆቴል ኬይሃን የሚባለው ባቡር መስመር አጠገብ ያዢ፣ ጊዮን ሺጆ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ፉሺሚም ቶፉኩጂም ሳንጁሳንገንዶም (ሺቺጆ ፌርማታ) በዛው መስመር ናቸው። ከማርች 2026 ጀምሮ የሆቴል ቀረጡ ጨምሯል፣ በአንድ ሰው በአዳር ከ200 እስከ 10,000 የን እንደ ክፍሉ ዋጋ ነው፣ መካከለኛ ሆቴል ከሆነ 400 ነው የሚደርስባችሁ። ትልቁን ሻንጣ ባስ ላይ ይዛችሁ እንዳትወጡ፣ በቶኪዮ በኩል የምትመጡ ከሆነ ከዛ ሆቴላችሁ በታክዩቢን (ሻንጣ የሚያደርስ አገልግሎት) ላኩት፣ በማግስቱ ኪዮቶ ሆቴል ይጠብቃችኋል። ዝርዝር የንና ሳንቲም ያዢ፣ ብዙ ቴምፕል ካርድ አይቀበልም። የእናትሽን ቪዛ አዲስ አበባ ካለው የጃፓን ኤምባሲ አሁኑኑ አስጀምሪ፣ አንቺ በአሜሪካ ፓስፖርት የምትገቢ ከሆነ አያስፈልግሽም፣ እሳቸው ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያስፈልጋቸዋል። ሆቴሉን ስትይዢ ሰፈሩን ጻፊልኝ፣ የመጀመሪያውን ጠዋት ታክሲ ከየት ብትይዙ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።